ዱባይ ላይ ገና እየተሠራ ያለ አፓርታማ፦ ከመፈረሜ በፊት ውሉ ላይ ምኑን ልይ?

መቅደላ_ሪያድ

ሰላም ቤተሰብ። ዱባይ፣ ጁሜይራ ቪሌጅ ሰርክል፣ ግንባታ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ለመያዝ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። ዋጋው 950,000 ድርሃም፣ ስፋቱ 750 ስኩዌር ፊት። አከፋፈሉ 60/40 ነው፤ 60 በመቶው እስኪያልቅ ድረስ በየጊዜው፣ ቀሪው 40 በመቶ ቁልፍ ሲሰጥ። ማስረከቢያው በፈረንጆቹ 2027 መጨረሻ ይላል። ደላላው ሁለት ገጽ የማስያዣ ፎርም ልኮልኝ «ዛሬ 10 በመቶውን ካላስገባሽ ነገ ዋጋ ይጨምራል» እያለ ያጣድፈኛል። ዋናው የሽያጭ ውል ከከፈልኩ በኋላ በኢሜይል ነው የሚመጣው፤ ከ50 ገጽ በላይ ነው ብሎኛል። ውሉን ሳላይ መክፈል አግባብ ነው? ሲመጣስ የቱን አንቀጽ ላስቀድም? ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው፤ በሁለታችን ስም እንዲሆን ነው ፍላጎታችን። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ውል_ፈታሽ

እህቴ፣ ያችን ሁለት ገጽ አትናቂያት። የማስያዣ ፎርሙ ራሱ ውል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር በትንንሽ ፊደል ይዟል፦ የተከፈለው ገንዘብ እንደማይመለስ፣ እና ዋናውን ውል በ14 ወይም በ30 ቀን ውስጥ ካልፈረምሽ አልሚው፣ ማለትም ሕንፃውን የሚሠራው ኩባንያ፣ ቤቱን ለሌላ ሸጦ ገንዘቡን እንደሚያስቀር። ይህ ማለት ያላየሽውን 50 ገጽ ለመፈረም አስቀድመሽ 95,000 ድርሃም አሲዘሻል ማለት ነው። ደግሞ ዱባይ ላይ ከፈረሙ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብለው የሚወጡበት የማሰላሰያ ቀን ሕጉ አይሰጥም።

ስለዚህ ከክፍያ በፊት ናሙና ውል ጠይቂ። እያንዳንዱ አልሚ ለፕሮጀክቱ ሁሉ የሚጠቀምበት አንድ ቅጽ አለው፤ የገዢው ስምና የቤቱ ቁጥር ብቻ ነው የሚለዋወጠው። «ውሉ ገና አልተዘጋጀም» ከተባልሽ ሽያጭ ከተጀመረ በኋላ የማይመስል ነገር ነው። ናሙናውን እምቢ ካሉ ደግሞ ፎርሙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ጠይቂ፦ ገዢዋ የሽያጭ ውሉን በደረሳት በ14 ቀን ውስጥ ካልተስማማች ማስያዣው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ትልልቆቹ አልሚዎች አይነኩትም፤ መካከለኞቹ ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ ይፈርሙታል።

ፎርሙ ላይ እነዚህ ባዶ እንዳይሆኑ፦ የቤቱ ቁጥርና ወለል፣ የመኪና ማቆሚያው ብዛት፣ ስፋቱ በረንዳን ይጨምር አይጨምር፣ የክፍያ ሠንጠረዡ ሙሉው። በዋትሳፕ የተላከ ብሮሹር ውል አይደለም። ዋናው ውል መጨረሻ አካባቢ «ከዚህ ውል ውጭ የተነገረ ወይም የታተመ ማንኛውም ነገር አያስገድድም» የሚል አንቀጽ አይጠፋውም፤ ደላላው ቃል የገባልሽ ነፃ የቤት ዕቃም ሆነ የኪራይ ዋስትና እዚያ ላይ ይሞታል።

የደይራው

እኔ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ልጨምር። ሰው የሚበላው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የ2007ቱ ቁጥር 8 ሕግ ግንባታ ላይ ላለ ቤት የሚከፈል ገንዘብ በሙሉ ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ ወደተከፈተ የኤስክሮ አካውንት፣ ማለትም አልሚው እንዳሻው ወደማያወጣበት ጥብቅ አካውንት፣ እንዲገባ ያስገድዳል። የአልሚው ሌላ ባለዕዳ ያንን ገንዘብ ማሳገድ አይችልም፤ ለአልሚው የሚለቀቀውም በግንባታው ልክ ነው። ግንባታው ካለቀ በኋላም 5 በመቶው ለአንድ ዓመት እዚያው ተይዞ ይቆያል።

ዱባይ ሬስት የሚባለውን የመሬት መምሪያውን መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ፕሮጀክቱን በስም ፈልጊው፤ የምዝገባ ቁጥሩን፣ የአልሚውን ስም፣ ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ ታገኚበታለሽ። ከዚያ ውሉ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። የአካውንቱ ስም ውስጥ የፕሮጀክቱ ስም መኖር አለበት። የኩባንያው ስም ብቻ ካለ፣ ወይም የደላላው ድርጅት ስም ከሆነ፣ አትላኪ። ደላላውም የሪራ (የመሬት መምሪያው የሪል እስቴት ተቆጣጣሪ ክፍል) ቁጥር ያለው ካርድ አለው፤ ማስታወቂያው ላይም የፈቃድ ቁጥር ወይም ኪውአር ኮድ መኖር አለበት።

ጥሬ ገንዘብ ነገር፦ ከ2022 ጀምሮ በቤት ግዢ 55,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ በጥሬው ከተከፈለ ደላላውም ጠበቃውም ለፋይናንስ መረጃ ክፍሉ ሪፖርት ማድረግ ግዴታቸው ነው። በሐዋላ፣ በዘመድ፣ በጓደኛ አካውንት የሚላክ ገንዘብም ችግር ያመጣል፤ ደረሰኙ በላኪው ስም ይወጣና አልሚው «ገዢዋ አልከፈለችም» ይላል፣ ወይ የገንዘቡን ምንጭ አስረጂ ብሎ ሳምንታት ያስጠብቃል። ከራስሽ ባንክ፣ በራስሽ ስም፣ የቤቱን ቁጥር መግለጫው ላይ ጽፈሽ ላኪ። የደመወዝ ማረጋገጫና የ6 ወር የባንክ መግለጫ አዘጋጂ፤ መጠየቃቸው አይቀርም።

አንድ ጥሩ ነገር፦ ሪያልም ድርሃምም ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው፤ 3.75 እና 3.6725። ሪያድ ለሚሠራ ሰው የምንዛሪ ስጋቱ ቀላል ነው። በዩሮ ወይም በፓውንድ የሚከፈለው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ምንዛሪ ሲጠብቅ ነው የሚኖረው።

ውል_ፈታሽ

ወደ ዋናው ውል ስንመጣ፣ አንቀጾቹን በጥንድ ነው ማንበብ ያለብሽ። አንድ በአንድ ሲነበቡ ሁሉም ደህና ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ጥንድ የማስረከቢያ ቀንና የክፍያ ሠንጠረዥ ነው። «2027 መጨረሻ» ያልሽው ውሉ ላይ «የሚጠበቀው የማጠናቀቂያ ቀን» ተብሎ ነው የሚገኘው። ቀጥሎ ደግሞ አልሚው በራሱ ውሳኔ እስከ 12 ወር ሊያራዝመው እንደሚችል ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚል ሌላ በር አለ። በውል የምትጠይቂበት ቀን እንግዲህ 2028 መጨረሻ ነው። የኪራይ ሒሳብሽን በዚያ ቀን ሥሪ።

አሁን ሠንጠረዡን ተመልከቺ። ክፍያዎቹ የታሰሩት በቀን ነው ወይስ በግንባታ ደረጃ? «በማርች 10 በመቶ፣ በሴፕቴምበር 10 በመቶ» ከሆነ ሕንፃው ቢቆምም ክፍያው ይቀጥላል። «ግንባታው 40 በመቶ ሲደርስ 10 በመቶ» ከሆነ ሲቆም ክፍያሽም ይቆማል፤ ደረጃውንም በዱባይ ሬስት ታረጋግጪዋለሽ። የ2010ሩ ቁጥር 6 ማስፈጸሚያ ደንብ ሪራ ባቀረበው የግንባታ ደረጃ መሠረት ክፍያን ለማሰር ፈቃደኛ ያልሆነን አልሚ ውል ገዢው በፍርድ ቤት እንዲያፈርስ መብት ይሰጣል። ይህን አንቀጽ ጠቅሰሽ ሠንጠረዡ እንዲስተካከል ብትጠይቂ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ጥንድ፣ እንደ እኔ ከሁሉም ከባዱ፣ ክፍያ ሲቋረጥ የሚሆነውና መልሶ የመሸጥ መብት ነው። ሕጉ የ2008ቱ ቁጥር 13 ነው፤ አንቀጽ 11 በ2017 እና በ2020 ተሻሽሏል። ገዢ ካቋረጠ አልሚው ለመሬት መምሪያው ያመለክታል፤ መምሪያው ለገዢው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ካልተከፈለ አልሚው ያለ ፍርድ ቤት ውሉን ያፈርሳል፤ ሊያስቀር የሚችለው ግንባታው በደረሰበት ይወሰናል። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ እስከ 25 በመቶ፤ ከ60 በላይ ከሆነ እስከ 40 በመቶ። ከ80 በመቶ ካለፈ ከዚህ ሌላ ቤቱን በሐራጅ ማሸጥ ወይም ውሉን አጽንቶ ቀሪውን መጠየቅም ይችላል። ሥራው ከአልሚው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልተጀመረ ደግሞ ከተከፈለው እስከ 30 በመቶ።

አቡ_ናትናኤል

ወንድም ውል ፈታሽ፣ አንድ እርማት። 25ም 40ም ከከፈልነው ላይ ነው ሲባል ነው የምናውቀው። እንዲያማ ከሆነ ያን ያህል አያስፈራም።

ውል_ፈታሽ

አይደለም። ከተከፈለው ላይ የሚሰላው ሥራ ያልተጀመረበት ብቻ ነው። 25 እና 40 በመቶው ውሉ ላይ ከተጻፈው የቤቱ ዋጋ ነው። በእህታችን ቁጥር እናስላው። 30 በመቶ ከፍላለች እንበል፤ 285,000 ድርሃም ነው። ሕንፃው 50 በመቶ ላይ እያለ ብታቋርጥ አልሚው እስከ 237,500 ያስቀራል፤ 47,500 ይመለስላታል። እሱም ወዲያው አይደለም፤ ውሉ በፈረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ወይም ቤቱ ለሌላ በተሸጠ በ60 ቀን ውስጥ፣ ቀድሞ በሚመጣው። ሕንፃው 70 በመቶ ላይ እያለ ብታቋርጥ ግን ጣሪያው 380,000 ነው። 285,000ው ሁሉ ሊሄድ ይችላል።

አሁን የመሸጥ አንቀጹን ከጎኑ አስቀምጠው። ብዙ አልሚዎች ገዢው 30 ወይም 40 በመቶ ሳይከፍል ለሌላ እንዲያዛውር የስምምነት ደብዳቤ አይሰጡም። ውሉ 40 ካለ 30 በመቶ ከፍላ የተቸገረች ገዢ መክፈልም አትችል፣ መሸጥም አትችል። ስለዚህ መደራደሪያው እዚህ ላይ ይሁን፦ የመሸጫው ገደብ ወደ 30 ወይም 25 በመቶ ይውረድ፤ የደብዳቤው ክፍያ በቁጥር ይጻፍ፤ «በአልሚው ፈቃድ» የሚለው ላይ «ያለ በቂ ምክንያት የማይከለከል» ተብሎ ይጨመር።

አልሚው መብቱን አላግባብ ከተጠቀመ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ግልግል መሄድ ይቻላል፤ ሕጉ አይከለክልም። ግን ሪያድ ተቀምጦ ዱባይ መካሰስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማሰብ ነው።

አቡ_ናትናኤል

ገባኝ። ያ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚላከው የት ነው? ሰው አድራሻ ቢቀይርስ?

ውል_ፈታሽ

ውሉ ላይ ወደተመዘገበው አድራሻና ኢሜይል። ስለዚህ የሥራ ኢሜይል አታስመዝግቡ፤ ሥራ ሲለቀቅ ይዘጋል። ደላላው በራሱ ኢሜይል የሞላበትም ፎርም ያጋጥማል፤ ይህን ዓይታችሁ ካላስቀየራችሁ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። አድራሻ ስትቀይሩ ውሉ በሚያዘው መንገድ አሳውቃችሁ ማረጋገጫ ያዙ።

ሲቪል_ሻርጃ

ስለ ስፋቱና ስለ ርክክብ እኔ ልበል።

750 ስኩዌር ፊት ወደ 70 ካሬ ሜትር ነው። ጥያቄው የተለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብሮሹሩ በረንዳውን ደምሮ ይናገራል፤ ምዝገባው የሚሄደው በተጣራው ስፋት ነው። በረንዳው 90 ስኩዌር ፊት ቢሆን ውስጡ 660 ብቻ ነው። ውሉ ጀርባ ላይ የሚያያዘውን ፕላን ያለ ቁጥር እንዳትቀበይ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመትና ወርድ ይጻፍበት።

በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት ቤቱ ሲያልቅ ስፋቱ ቢጨምር አልሚው ተጨማሪ አይጠይቅም፤ በውሉ ሌላ ካልተስማማችሁ ነው ታዲያ። ያች «ካልተስማማችሁ» ናት ጉዷ፤ ብዙ ውል ውስጥ ስምምነቱ ተጽፎ ይጠብቅሻል። ስፋቱ ቢያንስ ደግሞ ካሳ የሚከፈለው ጉድለቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ነው። 750 የተባለው 720 ሆኖ ቢመጣ ጉድለቱ 4 በመቶ ነውና ካሳ የለም። 700 ቢሆን ያልፋል። ውሉ ላይ ለጭማሪም ለጉድለትም ያው 5 በመቶ ገደብ እንዲሠራ ጠይቂ።

ቀጥሎ የማጠናቀቂያ ዕቃዎች ዝርዝር። «ከፍተኛ ጥራት ያለው ሴራሚክ ወይም ተመሳሳይ» ይላል። ተመሳሳይ ማለት ምን ማለት ነው? የሚወስነው አልሚው ነው። ቢያንስ የወጥ ቤት ካቢኔቱ፣ የወለሉ ዓይነትና መጠን፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሥርዓት ይገለጽ። ማቀዝቀዣው የሰፈር ማዕከላዊ ከሆነ ቤቱ ባዶ ቢሆንም በየወሩ የአቅም ክፍያ አለው፤ ይህ ውሉ ውስጥ ወይ አባሪው ላይ በአንድ መስመር ያልፋል።

ርክክብ ላይ፦ አልሚው የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ካገኘ በኋላ ማስታወቂያ ይልካል፤ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 40 በመቶው፣ 380,000 ድርሃም፣ መግባት አለበት። አንዳንድ ውል ቤቱን የምታዪው ከከፈልሽ በኋላ ነው ይላል። ይህን ተከራከሪ፤ ፍተሻ ከክፍያ በፊት ይሁን። ፍተሻውን ለሚያውቅ ሰው ስጪ፤ የሚታየው ቀለም ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ወደ መውረጃው ይሄዳል ወይ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ማስወገጃ ይደፈናል ወይ፣ ማንኳኳት ስትጀምሪ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ አለ ወይ፣ የመስኮቱ ጎማ ተቀምጧል ወይ የሚለው ላይ ነው። ጉድለቶቹ ተዘርዝረው፣ ፎቶ ተያይዞ፣ የሚጠገኑበት ቀን ተጽፎ የአልሚው ተወካይ ይፈርምበት።

ዋስትናው በ2019ኙ ቁጥር 6 ሕግ ተቀምጧል፦ ለመዋቅር ጉድለት የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬቱ ከወጣበት 10 ዓመት፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለቧንቧና ለሜካኒካል ሥራ ከርክክብ 1 ዓመት። ውሉ «6 ወር» ወይም «90 ቀን» ካለ ምልክት አድርጊበት።

ቨርጂኒያ_ሒሳብ

ገንዘቡን ማንም በአንድ ላይ አልደመረውም። 950,000 ላይ 4 በመቶ የምዝገባ ክፍያ አለ፤ 38,000 ድርሃም። በሕጉ ገዢና ሻጭ ሁለት ሁለት በመቶ የሚካፈሉት ቢሆንም ውሎቹ ሙሉውን በገዢ ላይ ይጥሉታል። አልሚዎች ሽያጭ ሲቀዘቅዝ «4 በመቶውን እኛ» ይላሉ፤ እንዲህ ከተባለ ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ውሉ ላይ ይታይ። ከአልሚው በቀጥታ ሲገዛ የደላላውን ኮሚሽን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አልሚው ነው፤ ደላላው ካንቺም 2 በመቶ ከጠየቀ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም የሕንፃው የጋራ ጥገናና አገልግሎት ዓመታዊ ክፍያ፣ በስኩዌር ፊት ነው። ለምሳሌ 15 ድርሃም ከሆነ 11,250 በዓመት ይመጣል። በየዓመቱ የሚጸድቀው በሪራ በኩል ነው፤ ውሉ ላይ ያለው ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም። የመኖሪያ ቤት የመጀመሪያ ሽያጭ በተጠናቀቀ በ3 ዓመት ውስጥ ከሆነ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው። ውሉ «የሆቴል አፓርታማ» ካለ ግን 5 በመቶ ይመጣል። 47,500 ድርሃም በአንዲት ቃል ነው የሚጨመረው።

ብድር ካሰብሽ ይህን ልብ በይ። የኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ሕግ ላላለቀ ቤት ከዋጋው 50 በመቶ በላይ እንዲበደሩ አይፈቅድም። ካለቀ በኋላ እዚያው ነዋሪ ለሆነ የውጭ ዜጋ፣ የመጀመሪያ ቤቱ ከሆነና ከ5 ሚሊዮን ድርሃም ካልበለጠ፣ እስከ 80 በመቶ ይሄዳል። እዚያ የማይኖር ሰው የሚያገኘው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሁሉም ባንክም ለሁሉም አገር ዜጋ አያበድርም። ውሉ ደግሞ «ብድር ካልተፈቀደልኝ» የሚል መውጫ የለውም። ባንኩ ቤቱን 850,000 ቢገምተው ልዩነቱን የምትሞይው አንቺ ነሽ። 380,000ውን ከየት እንደምታመጪ ከአሁኑ በወረቀት አስቀምጪ።

እግረ መንገዴን፣ አሜሪካ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ኤምሬትስ ከግለሰብ የኪራይ ገቢ ላይ ግብር አትወስድም፤ አሜሪካ ግን ትወስዳለች፣ የትም ይከራይ። በራስ ስም የተያዘ ቤት ራሱ በፎርም 8938፣ በውጭ አገር የፋይናንስ ሀብት ማሳወቂያው፣ አይገባም። ኪራዩ የሚገባበት የዱባይ ባንክ አካውንት ግን፣ በውጭ ያላችሁ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ በኤፍባር፣ በውጭ አገር የባንክ አካውንት ማሳወቂያው፣ ይመዘገባል።

ሰናይት_አቡዳቢ

ጥያቄ ልጨምር። ያለቀ ቤት ከግለሰብ ብንገዛስ? ከዚህ ሁሉ ጣጣ እናመልጣለን?

የደይራው

ከግማሹ። ያለቀ ቤት ሲገዛ ውሉ የመሬት መምሪያው ፎርም ኤፍ ነው፤ ጥቂት ገጽ ናት። ገዢ 10 በመቶ ቼክ በሻጩ ስም ጽፎ ደላላው ዘንድ ያስቀምጣል። አገር ቤት ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ከካደ እጥፍ ይመልሳል የሚለውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ሻጩ ቢያፈገፍግ ምን ይከፍላል የሚለውን ፎርሙ ተጨማሪ ሁኔታዎች ላይ በቁጥር አስጽፉ።

ሌላው ሻጩ ዕዳ አለበት ወይ ነው። የባንክ መያዣ ካለ የዕዳ ደብዳቤ ይወጣል፤ መያዣው እስኪነሳ ቀኑ ይገፋል። ስለዚህ የማብቂያ ቀኑ 30 ቀን ብቻ ከሆነ ይጠባል፤ 60 ይሻላል። አልሚው የሰርቪስ ቻርጅ ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ ይሰጣል። ዝውውሩ የሚፈጸመው ትረስቲ ቢሮ፣ ማለትም የመሬት መምሪያው ፈቃድ በሰጠው የምዝገባ ቢሮ፣ ነው፤ ዋጋው 500,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ ከሆነ የቢሮው ክፍያ 4,000 እና ታክሱ ነው። ክፍያው በማኔጀርስ ቼክ ነው፣ እኛ አገር ሲፒኦ የምንለው። እዚያ የባንክ አካውንት የሌለው ሰው የዝውውር ሥራ በሚሠራ የሕግ ድርጅት የደንበኞች አካውንት በኩል ያሠራል። ይህን ፎርም ኤፍ ከመፈረማችሁ በፊት አደራጁ፤ ቀኑ ደርሶ ቼክ የሌለው ገዢ 10 በመቶውን ነው የሚያጣው።

ደግሞ ሐበሻ የሚበዛበት ደይራ አብዛኛው ለውጭ ዜጋ በሙሉ ባለቤትነት የተከፈተ አይደለም። የሚሸጥላችሁ የ99 ዓመት መብት ከሆነ ከርስት ጋር አንድ አድርጋችሁ አትክፈሉበት።

መቅደላ_ሪያድ

ሁላችሁንም አምላክ ይስጥልኝ። ናሙናውን ጠይቄ ላኩልኝ። 56 ገጽ ነው። ሁለት ቦታ ቆሜያለሁ። አንደኛው «ክርክር በዲአይኤፍሲ ኤልሲአይኤ ግልግል ይታያል» ይላል። ሁለተኛው ገዢ ላይ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ደላላው «ባልሽን በኋላ መጨመር ቀላል ነው» አለኝ።

ውል_ፈታሽ

የመጀመሪያው ቅጹ አሮጌ መሆኑን ነው የሚነግርሽ። ያ የግልግል ማዕከል በ2021 በአዋጅ ቁጥር 34 ተዘግቶ ሥራው ወደ ዱባይ ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል ተላልፏል። ቅጹን አምስት ዓመት ካልነኩት ሌላም የቀረ ነገር ይኖራልና ማሻሻያዎቹን ሁሉ ዳግም ፈትሺ። እኔ ከሆነ ወደ ዱባይ ፍርድ ቤቶች ይዙር ነበር የምለው፤ በዚህ ዋጋ ላለ ቤት የግልግል ወጪው አይመጣጠንም። እዚያ ግን ሥራው በዓረብኛ ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከሆነ የሚገዛው ዓረብኛው ነውና ቢያንስ የክፍያ ማቋረጥ፣ የማስረከቢያና የስፋት አንቀጾቹን የዓረብኛ ገጽ ፈቃድ ላለው ተርጓሚ አሳዪ። 56ቱንም አያስፈልግም።

የደይራው

ባልሽን አሁን አስገቢ። በኋላ መጨመር የሚቻለው በስጦታ ዝውውር ነው፤ ለትዳር ጓደኛ 0.125 በመቶ ይከፈላል፣ ቢያንስ 2,000 ድርሃም። ዋጋው አይደለም አስቸጋሪው፣ ወረቀቱ ነው፦ የአልሚው ስምምነት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የማረጋገጫው ሰንሰለት። በተለይ እኛ ሚስት የባልን ስም ስለማትወስድ ፓስፖርት ላይ ዝምድናው አይታይም፤ ማስረጃው የግድ ነው። ስሞቹ በሙሉ፣ እስከ አያት፣ ፓስፖርት ላይ ባለው ፊደል ይግቡ። በመቶኛም ይጻፍ፤ 50/50 ካልተባለ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

እሱ አዲስ አበባ ስለሆነ ወይ መጥቶ ይፈርም ወይ ውክልና ይስጥሽ። ውክልናው አዲስ አበባ ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረማል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ የኤምሬትስ ኤምባሲ ያትምበታል፤ ከዚያ ዱባይ ሲደርስ የኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ማኅተም፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ዓረብኛ። አፖስቲል በሁለቱም አገር አይሠራምና እሱን የሚያስብ እንዳይደክም። ቃሉ «ማንኛውንም ጉዳይ» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ መግዛት፣ ሽያጭ ውል መፈረም፣ በመሬት መምሪያ ማስመዝገብ፣ መክፈል፣ መረከብ ተብሎ ይዘርዘር፣ የፕሮጀክቱ ስምና የቤቱ ቁጥር ይግባ። ወኪሉ ደላላው እንዳይሆን፤ የሚሸጥና የሚፈርምልሽ አንድ ሰው ከሆነ ማን ይጠብቅሻል?

ሁለታችሁም ስማችሁ ቢገባም አንዱ ሲሞት ድርሻው በቀጥታ ለሌላው አይሻገርም፤ ለወራሾች ነው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ዱባይ ላይ የተመዘገበ ኑዛዜ አሠሩ። ያለ ኑዛዜ የ2022 ቁጥር 41 የፌዴራል ሕግ ግማሹን ለትዳር ጓደኛ፣ ግማሹን ለልጆች እኩል ያካፍላል።

መቅደላ_ሪያድ

የመጨረሻ ጥያቄ። ከፈረምን በኋላ ውሉ መመዝገቡን በምን አውቃለሁ? ደላላው «ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል» ብቻ ነው የሚለው።

የደይራው

በኦቁድ። የጊዜያዊ ምዝገባው ሰርተፍኬት ነው፤ የሁለታችሁ ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ ዋጋው ይታይበታል። 4 በመቶው የሚከፈለውም ለእሱ ነው። በ2008ቱ ሕግ አንቀጽ 3 መሠረት በጊዜያዊ መዝገቡ ያልገባ የግንባታ ላይ ሽያጭ ዋጋ የለውም፤ በሌላ አነጋገር ያላስመዘገበ አልሚ ያንኑ ቤት ለሌላ ሸጦ ቢያስመዘግብ የምትይዢው ደረሰኝ ብቻ ነው። ሁለታችሁም የፈረማችሁበት፣ አልሚውም የፈረመበት የውል ቅጂ በእጃችሁ ይግባ። ከዚያ 4 በመቶው ከተከፈለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጠብቂ፤ ካልመጣ ለአልሚው የደንበኞች ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ፣ ለደላላው አይደለም። ሁለተኛውን የክፍያ ዙር ከመላክሽ በፊት ኦቁዱን ዓይተሽ ቢሆን ይሻላል፤ ይህን ግን ማስያዣ ፎርሙ ላይ አስጽፊው፣ አለዚያ እሱን ስትጠብቂ ክፍያ አዘግይተሻል ተብሎ የቅጣት ወለድ ይቆጠርብሻል።